የሙዳዩ ሦስት ቁልፎች፤ ለብፁዓን አባቶቻችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለቅዱስ ሲኖዶስ አባላት ብፁዓን ሊቃነ ጳጳሳት
ለመንበረ ፓትርያርክ ጠቅላይ ቤተ ክህነት የሥራ ኃላፊዎች
እንዲሁም ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ምእመናን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ብፁዓን አባቶቼ፣ በቅድሚያ ቡራኬያችሁ ይድረሰኝ። ይህን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም። ሌባ ለመጠቆምም አይደለም። ሕዝቡ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ገንዘብ የት እንደሚደርስ ለዓመታት በልቤ ይዤው የቆየሁት አንድ ጥያቄ አለ። እሱን ልጠይቃችሁ ነው። በአደባባይ የጠየቅኩት ጉዳዩ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው።

ሙያዬ ሒሳብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ባለች አንዲት አጥቢያ ለሁለት የምርጫ ዘመን፣ ማለትም ለ6 ዓመት፣ አጥቢያውን በሚያስተዳድረው በሰበካ ጉባኤ አገልግያለሁ። የምእመናን ተወካይ ሆኜ የገንዘብ ቁጥጥሩን ሥራ ተሰጠኝ። ስለ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ የማውቀውን ያወቅኩት እዚያ ነው።

ቆጠራ የሚደረገው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የእኛ ሙዳየ ምጽዋት ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱ በአስተዳዳሪው እጅ ነው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ አንዱ በእኛ በምእመናን ተወካዮች። ከሦስቱ አንዱ ከቀረ ሣጥኑ አይከፈትም። አንድ ጊዜ ቁልፍ የያዘው ወንድማችን ክፍለ ሀገር ለቅሶ ሄዶ ቆጠራው ለሳምንት ተላልፏል። ማንም ቅር አላለውም። እንዲያውም አስተዳዳሪው “ጥሩ ነው፣ እንዲህ ነው መሆን ያለበት” አሉ።

ሣጥኑ ሲገለበጥ የሚወጣውን ብታዩት! በላብ የራሰ አሥር ብር አለ። በመሐረብ ጫፍ ተቋጥሮ የኖረ፣ እጥፋቱ የማይዘረጋ አምስት ብር አለ። የጣት ቀለበት ይወጣል። በብሩ መሀል የተጣጠፈ ወረቀት ይገኛል፤ ሲከፈት “ልጄ ከአረብ አገር በሰላም ትመለስልኝ” ይላል። በ2013 መስከረም የብር ኖት ሲቀየር ለሕዝቡ የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ነበር። ጊዜው ካለቀ በኋላም ግን ከሣጥናችን አሮጌ መቶ ብር ይወጣ ነበር። ለስለት ብለው ደብቀው ያስቀመጡት ሰዎች ናቸው። የኖቱን መቀየር አልሰሙም ይሆናል። ወይም ለእግዚአብሔር የተሳሉትን ብር መንካት ፈርተው ይሆናል። አንዱን እጄ ላይ ይዤ ብዙ ቆየሁ። ባንክ አይቀበለውም። ለሰጪው ግን ያ መቶ ብር ነው።

ተቆጥሮ ሲያልቅ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። አራት አምስት ሰው ይፈርማል። ማኅተም ያርፍበታል። ገንዘቡ ባንክ ይገባል። በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ገቢና ወጪው ለምእመናን ይነበባል። እኔ ፍጹም ነበርን አልልም። ዘግይተን ያነበብንበት ጊዜ ነበር። ግን ማንኛዋም እናት ተነሥታ “የጣሪያው ቆርቆሮ ስንት ወጣበት?” ብትል መልስ ነበረን።

ከዚያ ፈሰሱ ይመጣል። እንደምታውቁት አጥቢያው ከገቢው በፐርሰንት የሚላክ ድርሻ አለበት። ወደ ላይ፣ ወደ ሀገረ ስብከቱና ወደ ጠቅላይ ቤተ ክህነቱ፣ ይላካል። መላኩ ተገቢ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አንድ አካል ናትና። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እስከ አጥቢያው በር ድረስ ሦስት ቁልፍ ያለው ገንዘብ በሩን ከወጣ በኋላ ለእኛ ለሰጪዎቹ አይታየንም። አንድ ዓመት ወደሚመለከተው ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ። “ካለፈው ዓመት ፈሰስ ውስጥ ለገጠር አብያተ ክርስቲያናት በድጎማ የሄደው ስንት ነው? ዝርዝሩን ለምእመናኑ ላነብላቸው ነው” አልኩ። ያነጋገሩኝ ሰው በትሕትና ነበር ያናገሩኝ። “ወንድሜ፣ ወደ ላይ ከሄደ የላይኞቹ ጉዳይ ነው” አሉኝ። ተናድጄ አልወጣሁም። አዝኜ ነው የወጣሁት። ምክንያቱም እሳቸውም አያውቁትም ነበር።

አባቶቼ፣ ይህ ገንዘብ ከየት እንደ መጣ ታሪኩን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ለወጣቶቹ ግን ልድገመው። ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ ዘመን የኖረችው በመሬቷ ነበር። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት ተወረሰ። በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። በአንድ ዓመት ውስጥ ባዶ እጇን ቀረች። ያኔ ያልወደቀችው በ1965 በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ሰበካ ጉባኤ ተቋቁሞ፣ መተዳደሪያ ደንቡ ቃለ ዓዋዲው ወጥቶ ስለነበር ነው። ምእመኑ በስሙ ተመዘገበ። ወርኃዊ አስተዋጽኦ መክፈል ጀመረ። ካህኑን የቀለበው፣ ጧፉንና ዕጣኑን የገዛው፣ ጣሪያውን የጠገነው ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው የሕዝቡ ሳንቲም ነው። ያቋቋሙት አባት በ1968 ታሠሩ፤ በ1971 ተገደሉ። ሥራቸው ግን ቤተ ክርስቲያኒቱን ይዞ ቆመ።

በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከሀገሪቱ ሕዝብ 43.5 በመቶው፣ ከ32 ሚሊዮን በላይ ሰው፣ ኦርቶዶክሳዊ ነኝ ብሏል። እያንዳንዱ በወር አንድ ብር ብቻ ቢሰጥ በዓመት ከ380 ሚሊዮን ብር ያልፋል። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ስሌት ይቀናኛል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ግን ሕዝቡ መስጠት አይከብደውም። የሚከብደው የሰጠው የት እንደ ደረሰ አለማወቁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዬ ልምጣ።

ቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን አላት። ከ1964 ጀምሮ አለ። ውሃ ያወጣል፣ ስደተኞችን ይረዳል፣ ብዙ ደግ ሥራ ይሠራል። ይህን ከሚሠራበት ገንዘብ ብዙው የሚመጣው ከውጭ ለጋሾች ነው። ከውጭ ለጋሽ የመጣ ገንዘብ ደግሞ እንዴት እንደሚያዝ በሙያዬ አውቀዋለሁ። ውል አለው። በጀቱ በመስመር በመስመር ተለይቷል። በየጊዜው ሪፖርት ይላካል። የውጭ ኦዲተር ገብቶ ያያል። ነዳጅ የተቀዳበት ደረሰኝ ከጠፋ ጥያቄ ይነሣል። ለጋሹ ባሕር ማዶ ተቀምጦ ጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደተቆፈረ ያውቃል።

እማሆይ ግን አያውቁም። በየሳምንቱ በመቋሚያ ተደግፈው መጥተው ከመሐረባቸው አምስት ብር ፈተው የሚጥሉት እማሆይ ሪፖርት አይደርሳቸውም። ጥያቄዬ ይኸው ነው። ለባዕድ ለጋሽ የምናቀርበውን ያንኑ ሪፖርት ለራሳችን ሰጪ ለምን አናቀርብም? ባለሙያው አለን፤ ሪፖርት መጻፍ እንችልበታለን። የምናከብረው ግን ሪፖርት ካላየ ገንዘብ የሚያቆመውን ሰው ሆነ። ሳይጠይቅ የሚሰጠው እንዲያውም የበለጠ ሊከበር ይገባው ነበር።

ስለ ድጎማ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም ልቤን የሚያመኝ እሱ ነው።

የአዲስ አበባ ትልልቅ አድባራትና የገጠር አጥቢያዎች ኑሮ አይገናኝም። እዚህ የንግሥ ዕለት በአንድ ቀን ብዙ ገንዘብ ይገባል። የሚከራይ ሱቅ፣ የሚከራይ ሕንፃ አለ። እናቴ በተወለደችበት ሰፈር ያለችው ቤተ ክርስቲያን ግን ዘቢብ አጥታ ቅዳሴ የታጎለበት ቀን አለ። ካህኑ አርሶ ነው የሚቀድሰው። የአብነት ተማሪው ዛሬም ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ነው ቅኔ የሚቆጥረው። መምህሩ ካረጁ በኋላ ወንበሩን የሚተካ ጠፍቶ ጉባኤው የሚታጠፍበት ቦታ አለ። ከሀብታሙ አጥቢያ ተነሥቶ ወደ ድሀው መድረስ ያለበት ድጎማ ለዚህ ነው የሚያስፈልገው። አንድ ቤተ ክርስቲያን ነን ማለት ይህ ነው።

ታዲያ ድጎማውን ማን ያገኛል? በምን መስፈርት? የጠየቁት ስንት ናቸው? የተሰጣቸው ስንት? የተሰጠው ጣሪያ ሆነ ወይስ ወረቀት ላይ ቀረ? ይህን አንድ ምእመን ቁጭ ብሎ የሚያነብበት መዝገብ አላገኘሁም። ስለዚህ የገጠሩ ቄስ ምን ያደርጋል? በከተማ ሰው ያለው ሰው ይፈልጋል። የሰፈሩ ልጅ ቢሮ ውስጥ ካለ ደብዳቤው ይንቀሳቀሳል። ከሌለው ጥላውን ይዞ፣ ሥዕለ አድኅኖውን አንግቦ፣ መርካቶና መገናኛ ይቆማል። አንድ ቄስ በእኛ ግቢ ደጀ ሰላም ሁለት ሳምንት አድረው ለቆርቆሮ ሲለምኑ አይቻለሁ። ቀን አስፋልት ላይ ይቆማሉ፣ ማታ ኪዳን ያደርሳሉ። አንድ ምሽት እግራቸውን ሲታጠቡ አየሁት፤ አብጦ ነበር። እኚህ አባት ማመልከቻ የሚያስገቡበት፣ ተራቸውን የሚያዩበት፣ ካልተፈቀደላቸውም ለምን እንደሆነ በጽሑፍ የሚነገራቸው መንገድ ቢኖር እንዲህ ባልተንገላቱ ነበር።

ሕዝቡም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። መንገዱን ቀይሯል። ቤይሩትና ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው እኅታችን ደመወዟን ቆጥባ ለተወለደችበት ቀበሌ ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ትልካለች። የምትልከው ግን በማዕከል በኩል አይደለም። በማኅበራዊ ሚዲያ ባየችው የግለሰብ አካውንት ነው። አንዳንዱ እውነተኛ ነው። አንዳንዱ አይደለም። እሷ በምን ትለየው? ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣ የታመነ ዝርዝር ቢኖር ትለየው ነበር። ቴሌብሩም የባንክ አፑም በሁሉም ኪስ በገባበት ዘመን ገንዘብ መላክ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የደረሰበትን መንገርም ያን ያህል ሊከብድ አይገባም።

በእንግሊዝ ሀገር በበጎ አድራጎትነት የተመዘገበ፣ ገቢውም ከተወሰነ መጠን ያለፈ አጥቢያ ዓመታዊ ሒሳቡ በመንግሥት መዝገብ ላይ ይወጣል፤ ማንም ከስልኩ ከፍቶ ያነበዋል። አሜሪካ ያለ ምእመን በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ሰጥቶ ከግብር ላስቀንስ ካለ ከአጥቢያው የጽሑፍ ማረጋገጫ መያዝ አለበት፤ አጥቢያዎቹም ይህን መስጠት ለምደውታል። ለንደን ያለችው ልጅ የአጥቢያዋን ሒሳብ ታነባለች። ጎንደር ያለችው እናቷ ግን አታነብም። ሁለቱም የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው።

እዚህ ሀገር ሕጉ አያስገድደንም፤ ይህን አውቃለሁ። በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1113፣ ለአስተዳደር የሚወጣው ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። የሃይማኖት ተቋማት ግን በዚያ አዋጅ ሥር አይደሉም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። ይህ ነጻነት ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህም ነው ጥያቄውን ወደ መንግሥት ሳይሆን ወደ እናንተ ያመጣሁት። የራሳችንን ቤት ራሳችን እንጥረግ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ በ2005 መንበሩን ከያዙ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ስላለው ሙስናና ብልሹ አሠራር ሳይሸሽጉ ደጋግመው ተናግረዋል። እኔ ያን ስሰማ ተስፋ ነው ያደረብኝ። ፓትርያርኩ ካነሡት እኛም ብንጠይቅ ድፍረት አይሆንብንም ብዬ አሰብኩ።

አንዳንድ ወንድሞች “ቀኝ እጅህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ” ተብሏል ይሉኛል። አዎ፣ ተብሏል። የተባለው ግን ለሰጪው ነው። አደራ ተቀባዩን አይመለከትም። አደራ ተቀባዩን የሚመለከተው በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 ተጽፏል። በንጉሡ በኢዮአስ ዘመን ለቤተ መቅደሱ መጠገኛ ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር። ንጉሡ በነገሠ እስከ 23ኛው ዓመት ድረስ ግን ግንቡ አልተጠገነም። ያኔ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ ክዳኑን ነደለና በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አንድ ላይ ሆነው ይቆጥሩ ነበር። ሙዳየ ምጽዋታችን አባቱ ያ ሣጥን ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ ገንዘቡን ለሠራተኛ ይከፍሉ የነበሩት ሰዎች ታማኞች ስለነበሩ ሒሳብ አልተጠየቁም የሚል አለ። ይህን የሚጠቅሱልኝ አሉ፤ መጥቀሳቸውም ትክክል ነው። ግን ያ መታመን የመጣው ሁለቱ አብረው መቁጠር ከጀመሩ በኋላ ነው። ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ መበለቶቻችን በዕለት ማዕድ ተረሱ ብለው ሲያጉረመርሙም ሐዋርያት ዝም በሉ አላሏቸውም። ሰባት ዲያቆናት ሾሙላቸው።

“ጠላት ይጠቀምበታል” የሚሉም አሉ። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። በአጥቢያችን ገንዘብ ያዥ የነበሩ አንድ መሪጌታ ቤት አደሱ። ሰፈሩ ተንሾካሾከ። ልጃቸው ከውጭ ልካላቸው ነው። ግን ማን ይስማ? ምስኪኑ አባት ከማኅሌት ቀሩ፤ ሰው ዓይን ማየት አቃታቸው። ያዳናቸው ምን መሰላችሁ? የቆጠራው ቃለ ጉባኤ። የሁለት ዓመት ቆጠራ ከነፊርማው፣ ከነባንክ ደረሰኙ፣ ለምእመናኑ ተነበበ። አንድ ብር አልጎደለም። ሲነበብ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። ዛሬ በየቢሮው በንጽሕና የሚያገለግሉ ስንቶች ናቸው በደፈናው “ቤተ ክህነት እኮ” እየተባለ አብረው የሚታሙት? ለእነሱ የሚነበብላቸው ቃለ ጉባኤ ማን ሰጣቸው?

ሁሉም ነገር ይዘርገፍም አልልም። የገዳማት ንዋየ ቅድሳት የት እንዳለ፣ ቅርሱ በየትኛው ዕቃ ቤት እንደተቀመጠ ለሌባ መንገር ነውና አይገለጥ። የተቸገረ ካህን ለሕክምና የተረዳውም በስሙ አይጻፍ። እኔ የምለው የሁላችን ስለሆነው ገንዘብ ነው።

እንዲህ ቢሆንስ? የቅዱስ ሲኖዶስ የጥቅምት ጉባኤ ከመጀመሩ በፊት የጠቅላይ ቤተ ክህነቱና የየሀገረ ስብከቱ ያለፈው ዓመት ሒሳብ በውጭ ኦዲተር ተመርምሮ ይውጣ። ገቢው ብቻ አይደለም፤ ወጪውም። በአጠቃላዩ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ ስለ ገቢ እድገት ሲነገር እንሰማለን፤ ደስም ይለናል። ያ እድገት ስንት የአብነት ትምህርት ቤት እንዳቆመም እንስማ። የድጎማ መዝገብ ይከፈት። የጠየቀው አጥቢያ፣ የጠየቀበት ቀን፣ የተፈቀደው ገንዘብ፣ የተሠራው ሥራ ይጻፍበት። ከወሳኞቹ አንዱ የትውልድ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ሲቀርብ ከስብሰባው ወጣ ብሎ ይቆይ፤ ይህ ለራሱም ክብር ነው። ከውጭ ለጋሽ ለሚመጣው የተጻፈው ሪፖርት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ አጥሮ በየአጥቢያው ይነበብ። ድንገተኛ መከራ ሲመጣና ሕዝቡ ሲያዋጣ፣ በሐምሌ 2010 በጅጅጋ አብያተ ክርስቲያናት እንደተቃጠሉበት ያለ ጊዜ ማለቴ ነው፣ ለዚያ የሚሰበሰበው ገንዘብ የራሱ አካውንትና የራሱ መዝጊያ ሪፖርት ይኑረው።

በአንድ ጊዜ ሁሉም አይሆንም። አንድ ሀገረ ስብከት ለአንድ ዓመት ይሞክረው። ባለሙያ ካስፈለገ በነጻ የሚያገለግሉ የሒሳብና የኦዲት ባለሙያዎች በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየማኅበሩ ሞልተዋል። እኔም አንዱ ነኝ። ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ ቅዳሜም እሁድም፣ ያለ አበል እመጣለሁ።

እኔ ከሰበካ ጉባኤው የአገልግሎት ጊዜዬን ጨርሼ ወጥቻለሁ። በእኔ ቦታ የተመረጠችው እኅት ወጣት ናት፤ ባንክ ነው የምትሠራው። ቁልፉን ያስረከብኳት በፊርማ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄዋ “ከላይ የሚላክልንን ሪፖርት የምታስቀምጡበት ፋይል የቱ ነው?” የሚል ነበር። ባዶውን የፋይል ሳጥን ከፍቼ አሳየኋት። የሪፖርቱን ስም ጽፋ ለጠፈችበት፤ አሁንም መደርደሪያው ላይ አለ፣ እየጠበቀ ነው።

ቡራኬያችሁ ይድረሰኝ።

ከአዲስ አበባ፣ የሒሳብ ባለሙያ የሆነ አንድ ልጃችሁ